አንቶኒዮ ፓኒዚ እና መጽሐፉን ያጣው አንባቢ

በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የመጽሐፍ ስም ጽፎ፣ ምንም አልተገኘም የሚል መልስ ያልደረሰው ተማሪ ጥቂት ነው። መጽሐፉ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። የሶፍትዌር ሰዎች ይህን የፍለጋ ባግ ይሉታል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ችግሩ ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ። ካታሎግ በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ይህንኑ ችግር ሲታገል ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሰው አለ። አንቶኒዮ ፓኒዚ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እናያለን፤ ከዚያም ለዛሬ የካታሎግ ሶፍትዌር፣ በተለይም ለአማርኛ ፍለጋ፣ ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን። ዓመተ ምህረቶቹ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከስደት እስከ ቤተ መጻሕፍት

ፓኒዚ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1797 በሰሜን ጣሊያን ብሬሼሎ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በፓርማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1818 ተመረቀ። ያን ጊዜ ጣሊያን አንድ አገር አልነበረችም፤ ብሬሼሎም በሞዴና መስፍን ግዛት ሥር ነበረች። ወጣቱ ጠበቃ መስፍኑን በሚቃወም የምሥጢር ማኅበር ውስጥ ገባ። ጓደኞቹ መታሰር ሲጀምሩ በ1822 ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ። እዚያም ዝም አላለም፤ በጓደኞቹ ላይ የተካሄደውን የፍርድ ሂደት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ። በ1823 የሞዴና መንግሥት በሌለበት የሞት ፍርድ ፈረደበት። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ መንግሥቱ ይባስ ብሎ የፍርዱን ወጪ እንዲከፍል ሒሳብ ልኮለት ነበር።

በዚያው ዓመት ለንደን ሲገባ ገንዘብ የለው፣ እንግሊዝኛም በቅጡ አያውቅ። እንደሱ ስደተኛ የነበረው ባለቅኔ ኡጎ ፎስኮሎ ወደ ሊቨርፑል እንዲሄድ መከረው። እዚያ ጣሊያንኛ እያስተማረ፣ ራሱም እንግሊዝኛ እየተማረ ኖረ። በ1828 አዲስ በተከፈተው የለንደን ዩኒቨርሲቲ የጣሊያንኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ማዕረጉ ትልቅ ቢሆንም ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ገቢውም እንደዚያው። በ1831 ሎርድ ብሩም በተባለ ወዳጁ ድጋፍ በብሪቲሽ ሙዚየም የቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ።

የመጀመሪያው የስህተት ለቀማ

በ1832 የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር የሆነው ሮያል ሶሳይቲ ለኅትመት ያዘጋጀውን ካታሎግ እንዲያርምለት ፓኒዚን ጠየቀው። ፓኒዚ ረቂቁን ሲመረምር ስህተቱ እዚህም እዚያም በመጠጋገን የሚድን ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ከመጻሕፍቱ ተነሥቶ እንደገና መሠራት አለበት አለ። ማኅበሩ ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ መስማት አልፈለገም። ነገሩ ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ወደ ጠብ አመራ። በመጨረሻም ፓኒዚ በ1837 ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት የጻፈውን ደብዳቤ አሳትሞ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው።

እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ ይታያል። ስህተቱን ካየ አይለቅም፤ ማን ይቀየማል ብሎም አይጨነቅም። ይህ ጠባይ ብዙ ጠላት አፍርቶበታል። ይሁንና ለሥራው የሚበጀው ያው ጠባይ ነበር።

በ1836 ስለ ሙዚየሙ የሚያጠና የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አሳቡን ገለጸ። ድሃ ተማሪ የማወቅ ፍላጎቱን የሚያረካበት ዕድል በመንግሥቱ ካለው ከመጨረሻው ሀብታም ሰው እኩል ሊሆን ይገባል፤ መንግሥትም ለዚህ ያለ ገደብ መርዳት አለበት የሚል ነበር። የፓኒዚ የካታሎግ ሥራ ሁሉ የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው። ሀብታም ሰው መጽሐፍ ቢያጣ ገዝቶ ያነባል፤ ወይም ሊቅ ወዳጁን ይጠይቃል። ድሃው ተማሪ ያለው ካታሎጉ ብቻ ነው። ካታሎጉ ሳተ ማለት ለሱ መጽሐፉ የለም ማለት ነው።

ዘጠና አንዱ ደንቦች

በ1837 ፓኒዚ የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆነ። አንድ የውጭ ተወላጅ ለዚህ ቦታ መመረጡ በጋዜጣም በሙዚየሙ ውስጥም ብዙ አስወርቷል። በክፍሉ ያኔ 235 ሺህ ያህል ጥራዞች ነበሩ። የሙዚየሙ ባለ አደራዎች ካታሎጉ ቶሎ ታትሞ እንዲወጣ ፈለጉ። ፓኒዚ ግን መጀመሪያ ደንብ ይውጣ ብሎ ከረዳቶቹ ከጆን ዊንተር ጆንስ፣ ከቶማስ ዋትስ፣ ከኤድዋርድ ኤድዋርድስና ከጆን ፓሪ ጋር በ1839 ደንቦቹን አረቀቀ። ቁጥራቸው በመጨረሻ 91 ሆነ፤ በ1841ም ታተሙ።

ደንቦቹ የያዙት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ደራሲ ሁለት ስም ቢኖረው በየትኛው ይግባ? ደራሲው ያልታወቀ መጽሐፍስ? አንዱ መጽሐፍ አሥር ጊዜ ቢታተም አሥሩ እንዴት ይለዩ? ፓኒዚ አንባቢ የሚፈልገው አንድን ድርሰት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተወሰነ እትም ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ እትሞቹ ተለያይተው እንዲታዩ፣ ደግሞም አንድ ላይ እንዲገኙ ፈለገ። ለዚህም ተመልከት የሚሉ መምሪያዎችን በሦስት ዓይነት ከፈለ፦ ከስም ወደ ስም፣ ከስም ወደ ድርሰት፣ ከድርሰት ወደ ድርሰት። ዛሬ ሶፍትዌር በሊንክ የሚሠራው ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

ባለ አደራዎቹ ግን ቸኩለው ነበር። ካታሎጉ በሙሉ ሳያልቅ በኤ ፊደል የሚጀምረው ክፍል ለብቻው ይታተም አሉ። ፓኒዚ ተቃወመ፤ አልሰሙትም። ቅጹ በ1841 ታተመ፤ ከዚያ ግን ኅትመቱ እዚያው ቆመ። ለምን ቢባል፣ የመጀመሪያው ፊደል የሚያልቀው የመጨረሻው ፊደል ሲያልቅ ነው። ለምሳሌ ቮልቴር የብዕር ስም ነው፤ የደራሲው የቤተሰብ ስም አሩዌ ሲሆን በእነሱ አጻጻፍ በኤ ፊደል ይጀምራል። የቮልቴር መጻሕፍት በቪ ፊደል ሥር ተራቸው ደርሶ እስኪሠሩ ከተጠበቀ፣ ከአሩዌ ወደ ቮልቴር የሚመራው መሥመር ቀድሞ በታተመው ቅጽ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ሳይሞከር የወጣ ሶፍትዌር ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

የሃያ አምስት መጻሕፍት ፈተና

በ1847 የሙዚየሙን አሠራር የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዋናው ክስ የካታሎጉ መዘግየት ነበር። ዝነኛው ጸሐፊ ቶማስ ካርላይል ሳይቀር ቀርቦ ቅሬታውን አሰማ። ካርላይል ከዚህ ቀደም በዚሁ ቤተ መጻሕፍት በመማረሩ በ1841 ለንደን ላይብረሪ የተባለው ሌላ ቤተ መጻሕፍት እንዲመሠረት ዋና ምክንያት ሆኗል። የኮሚሽኑ ጸሐፊ ጆን ፔይን ኮሊየር ደግሞ ይህ ሁሉ ደንብ አያስፈልግም፤ ባጭር ባጭሩ ቢመዘገብ ሥራው ቶሎ ያልቃል ባይ ነበር። አሳቡንም ለማሳየት ራሱ 25 መጻሕፍት መዝግቦ አቀረበ።

ፓኒዚ በቃል አልተከራከረም። የኮሊየርን 25 ምዝገባዎች ለዊንተር ጆንስ ሰጥቶ አንድ በአንድ አስመረመራቸው። ውጤቱ ኮሊየርን የሚያሳፍር ነበር። በካታሎግ ሥራ ሊፈጸም የሚችለው የስህተት ዓይነት ሁሉ ከሞላ ጎደል በ25ቱ ውስጥ ተገኘ። ኮሊየር የተማረ ሰው ነው፤ መጻሕፍቱን የመዘገበውም በራሱ ፈቃድና በራሱ ዘዴ ነው። እሱ በ25 መጻሕፍት ይህን ያህል ከሳተ በመቶ ሺዎች ምን ሊሆን ነው?

እርግጥ መርማሪው ጆንስ የፓኒዚ የቅርብ ሰው ነበር። ቢሆንም ስህተቶቹ ተዘርዝረው ስለቀረቡ ማንም መጽሐፉን ገልጦ ሊያመሳክር ይችል ነበር። ኮሚሽኑ በ1850 ባወጣው ሪፖርት ፓኒዚን ደገፈ። በሌላ አገር ተወልዶ ብዙ ባላንጣ ላፈራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ውሳኔው ቢገለበጥ ኖሮ ደንቦቹም እሱም አብረው ይወድቁ ነበር።

የማይታተም ግን የሚታደስ ካታሎግ

ከዚያ በኋላ ምዝገባው በትንንሽ ወረቀት እየተጻፈ፣ ወረቀቱም ሊነሣ በሚችል መንገድ በትልልቅ ጥራዞች ላይ እየተለጠፈ ቀጠለ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ወረቀቶቹን ነቅሎ ቦታ መስጠት ይቻላል፤ ስህተት ከተገኘም ያችን አንዷን ወረቀት መቀየር ነው። በታተመ ካታሎግ እንዲህ ማድረግ አይታሰብም። ጉዳት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ጥራዞቹ እየበዙና እየወፈሩ ሄዱ፤ ከለንደን ውጭ ያለ አንባቢም ሊያያቸው አይችልም። ካርላይልና ሌሎቹ ያጉረመረሙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ፓኒዚ ሌሎችም ሥራዎች ሠርቷል። አሳታሚዎች በሕግ የታዘዙትን ቅጂ ለሙዚየሙ እንዲያስገቡ አስገደደ፤ እምቢ ያሉትንም ከሰሰ። በ1852 በራሱ እጅ የነደፈው ክቡ የንባብ አዳራሽ በአርክቴክት ሲድኒ ስመርክ ተሠርቶ በ1857 ተከፈተ። ከ1856 እስከ 1866 የሙዚየሙ ዋና ኃላፊ ነበር። አገሩንም አልረሳም፤ በ1855 በኔፕልስ መንግሥት የታሰሩ ፖለቲከኞችን በመርከብ ለማስመለጥ ሞክሮ መርከቧ ሰጥማ ዕቅዱ ከሸፈ። በ1869 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። በኤፕሪል 8 ቀን 1879 ለንደን ውስጥ አረፈ። የካታሎጉ ኅትመት እንደገና የተጀመረው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1881 ነው።

ለአማርኛ ፍለጋ ምን ይጠቅመናል?

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ ስም እንውሰድ። ሐዲስ የሚለው የመጀመሪያ ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ነው። የአባታቸው ስም ደግሞ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ይጀምራል፤ አራት ነው። የሁለቱ ፊደላት ጥምር ብቻ 24 ይሆናል! ለኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው 24 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዚህ ላይ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ልማድ የአባትን ስም ከፊት ካስቀደመ ፍለጋው ጭራሽ ይጠፋል።

መፍትሔው በፓኒዚ መንገድ ሲታይ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ደንብ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው አጻጻፍ እንዳለ ይመዝገብ፤ አይነካ። ለፍለጋ ግን ሞክሼ ፊደላት ከጀርባ ወደ አንድ ፊደል ይለወጡ። ይህ ሲደረግ መዝገቡም አንባቢው የሚጽፈው ቃልም በአንድ ዓይነት መለወጥ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተለወጠ ቀድሞ ይገኝ የነበረው መጽሐፍ እንኳ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሙከራ ነው። እንደ ኮሊየር 25 መጻሕፍት እንምረጥ፤ ግን መደርደሪያ ላይ መኖራቸውን በዓይናችን ያየናቸው ይሁኑ። በሠ እና በሰ፣ በጸ እና በፀ የሚጻፉ፣ ደራሲያቸው ያልተጠቀሰ፣ በተለያየ ዓመት ደጋግመው የታተሙ፣ በደራሲው ስም ላይ ማዕረግ ያለባቸው ይካተቱባቸው። እያንዳንዱን በተለያየ አጻጻፍ ፈልገን የተገኘውንና ያልተገኘውን እንመዝግብ። ሶፍትዌሩ በታረመ ቁጥር ያንኑ ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መድገም ያስፈልጋል። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላውን ማበላሸት የተለመደ ነውና።

ማቀላቀሉም ልክ አለው። በግዕዝ ሠረቀ ሲባል ወጣ፣ ሰረቀ ሲባል ደግሞ የሌብነት ሥራ ነው። የግዕዝ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ሁለቱ ተደባልቀው ቢመጡለት ደስ አይለውም። ስለዚህ በትክክል የተጻፈው ከላይ፣ ሞክሼው ከሥር ቢቀመጥ ለሁለቱም አንባቢ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ፓኒዚ ፍጹም ሰው አልነበረም። ግትር ነበር፤ የጀመረውንም ካታሎግ ታትሞ ሳያየው ሞቷል። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል፦ መጽሐፍ የጠፋው አንባቢ ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ካታሎጉ ይመርመር። በትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች የካታሎግ ሶፍትዌርን የአማርኛ ፍለጋ ብትፈትሹ ጥሩ ነው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ 25 መጻሕፍትና ትዕግሥት ይበቃል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን ምንም አልተገኘም ተብሎ ባዶ እጁን ከመመለስ ይድናል።