የበረዶው መኪና አባት

ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲዬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በካናዳ አገር፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ ቫልኩር በተባለች መንደር ተወለደ። በዚያ አገር በብርዱ ወራት በረዶ መንገዱን ሁሉ ይደፍነው ስለ ነበረ፣ መኪና ያለው ሰው እንኳ በፈረስ ከሚጎተት መንሸራተቻ በቀር መሄጃ አልነበረውም።

ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በሰጠው አሮጌ የፎርድ ሞተር ላይ የአውሮፕላን ዓይነት ማራገቢያ ገጥሞ በመንሸራተቻ ላይ አሰረው። ወንድሙ ሌዮፖልድ ከፊት ሆኖ እየመራ፣ እርሱም ከኋላ ሞተሩን ይዞ በመንደሩ መካከል አለፉ። አባትየው ግን ማራገቢያው ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ ወዲያው እንዲፈታ አዘዘ። (እኔም ብሆን ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል።)

በ1934 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ልጁ ኢቮን በትርፍ አንጀት ታመመ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ በጋራዡ ውስጥ ያለው የሙከራ መኪናም ገና ለጉዞ አልደረሰም። ሕፃኑ ሞተ።

ቦምባርዲዬ ሥራውን አልተወም። ጎማ የለበሰ ጥርሳም መንኰራኩር ረጅሙን የጎማ ቀበቶ እንዲያዞር፣ ክብደቱም ተከፋፍሎ መኪናው በበረዶው እንዳይሰጥም አደረገ። በ1937 ዓ.ም. ሰባት ሰው የሚጭን መኪና አወጣ፤ ሐኪሞችም በዚሁ ወደ ሕመምተኞች መድረስ ቻሉ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ስኪ ዱ የተባለውን ትንሹን ሞተር ሠራ፤ እርሱንም ቤተሰቦች ለሽርሽር ወደዱት።

በ1964 ዓ.ም. በ56 ዓመቱ ዐረፈ። የጥንቱ ጋራዡ ዛሬ በቫልኩር ሙዚየም ውስጥ ይታያል።