ጄምስ ብሩስና ዋጊኖስ፦ ከጎንደር እስከ ካንሰር ቤተ ሙከራ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ የሚታወቀው በዓባይ ምንጭ ነው። በሳይንስ መዝገብ ስሙን ተሸክሞ የሚገኘው ግን የሀገሬው ሰው ዋጊኖስ የሚለው መራራ ዕፅ ነው። ይህ ዕፅ ብሩስ ካለፈ ከ180 ዓመታት ገደማ በኋላ የካንሰር ተመራማሪዎችን ዓይን ስቧል።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በወጣትነቱ ያገባት ሚስቱ ዓመት ሳይሞላቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፤ በኋላም በሶርያ ከአንድ ሐኪም የሕክምና ዕውቀት ቀሰመ። በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ በቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ በርና መስኮት አስከፍቶ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤም አሳጠበ። የእቴጌዪቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ልጃቸው ዳነላቸው። ባሏ ኃያሉ ራስ ሚካኤል ስሑል የነበሩትን እመቤት ወዳጅነት ያተረፈው በሕክምናው ነው።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የስፔን ተወላጁ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በ1618 ማየቱን ግን ሊቀበል አልወደደም፤ ክብርን ለብቻው መሻት የብሩስ ድካም ነበር። በ1771 ራስ ሚካኤል በሰርባኩሳ ጦርነት ድል ሲሆኑ ብሩስ በተሸናፊው ወገን ነበር። ከድል አድራጊዎቹ አንዱ እስቴን፣ ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው የበጌምድር ገዥ ወንድ በወሰን ነው።

ብሩስ በዓመቱ መጨረሻ ጎንደርን ትቶ በምዕራቡ ቆላ ወደ ስናር አቀና። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘው የፈወሰው የሀገሬው ሰው የሚያውቀው የዋጊኖስ ሥር መሆኑን ጽፏል። ዘሩንም ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም ዕፁን በስሙ ብሩሲያ አሉት። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 በአምስት ቅጽ ሲታተም ብዙዎች አላመኑትም። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

የዕፁ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻን ኢትዮጵያውያን ዋጊኖስን ለካንሰር እንደሚጠቀሙበት ተረድቶ መረመረው፤ በ1973ም ብሩሲያንቲን የተባለውን ውሁድ ከውስጡ ነጥሎ አወጣ። ይህ ጥቃቅን ሞለኪውል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ከመጠኑ ማነስ የተነሣ ወደ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በዚያም ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል ይዘጋዋል። ካንሰር ያለ ዕረፍት የሚባዛ ሕዋስ ስለሆነ ፕሮቲን ካጣ ይሞታል።

በአይጦች ላይ የተገኘው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጡት ካንሰርና ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር በያዛቸው ሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ዕጢው አልቀነሰም፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ተከተለ። ፕሮቲን የሚሠራው የካንሰሩ ሕዋስ ብቻ አይደለም፤ የጤነኛውም ሕዋስ ሕይወት በእርሱ ላይ የቆመ ነው። በተጨማሪም እንደ ጡት ካንሰር ያለው ጠጣር ዕጢ እንደ ደም ካንሰር ሕዋስ ተበታትኖ የሚገኝ ሳይሆን የታመቀ ስለሆነ መድኃኒት በቀላሉ ወደ መካከሉ አይደርስም። ለጤነኛው ሕዋስ መርዝ የሆነውን መጠን ሳያልፉ ዕጢውን መግደል የመድኃኒት ቀማሚዎች ትልቁ ፈተና ነው።

ሙከራው በዚያው ቆመ። በኋላ ተመራማሪዎች ብሩሲያንቲንን እንደገና አንሥተው በደም ካንሰር ሕዋሳት ላይ በቤተ ሙከራ ፈትነውታል። ለሕሙማን እንዲሰጥ ግን እስካሁን አልተፈቀደም፤ የዋጊኖስን ሥር ወይም ፍሬ በግምት ቀምሞ መጠጣትም ያው ያልተለካ መርዝ መጠጣት ነው።