ጥርሱ የማን ነው?
የጌዲዮን ማንቴል ሕይወት

በገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ዕድሜዋን የሚነግረው ጥርሷ ነዋ! እንስሳው ራሱ ከምድር ጠፍቶ፣ ድንጋይ የሆነ ጥርሱ ብቻ ቢገኝስ? የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ይዞ የተንከራተተው እንግሊዛዊው ሐኪም ጌዲዮን ማንቴል ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማንቴል በ1790 በደቡብ እንግሊዝ ልዊስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ልጁ ሕክምና ተምሮ በዚያችው ከተማ ሐኪም ሆነ። ቀን በሽተኛ ሲያክም ይውላል፤ ትርፍ ጊዜውን ግን ለቅሪተ አካል ጥናት ሰጠ።

በ1820ዎቹ መጀመሪያ በኩክፊልድ አቅራቢያ ከነበረ የድንጋይ ካባ አካባቢ የተገኙ እንግዳ ጥርሶች እጁ ገቡ። ሚስቱ ሜሪ አን መንገድ ዳር አገኘቻቸው ይባላል፤ ይህ ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም። ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ጫፋቸውም ተሞርዶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ይህ ቅጠል አኝኮ የሚበላ እንስሳ ምልክት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አጥቢ እንስሳ ነው እንዳይባል፣ በዚያን ያህል ጥንታዊ ድንጋይ ውስጥ ትልልቅ አጥቢዎች አይታወቁም። ተሳቢ እንስሳ ነው እንዳይባል፣ በጊዜው የሚታወቁት ተሳቢዎች ምግባቸውን ይውጣሉ እንጂ አያኝኩም። ታዲያ የማን ጥርስ ነው?

በ1822 ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ሊቃውንት አሳየ። የትልቅ ዓሣ ወይም የቅርብ ዘመን አጥቢ ነው ብለው ናቁት። ያበረታታው ዎላስተን ነበር። በ1823 ወዳጁ ቻርልስ ላይል አንዱን ጥርስ ፓሪስ ወስዶ ለታላቁ ሊቅ ለኩቪየ አሳየለት። ኩቪየም የአውራሪስ የፊት ጥርስ ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ የዘመኑ አንደኛ ሊቅ ከፈረደ በኋላ አንድ የገጠር ሐኪም ምን ይላል?

ማንቴል ግን አልተወም። ተጨማሪ ጥርሶች ሰብስቦ በ1824 ለኩቪየ ላከ። ኩቪየም ስሕተቱን ሳይደብቅ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቅጠል በል ተሳቢ ሊሆን እንደሚችል ጻፈለት። በዚያው ዓመት ማንቴል ለንደን በሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሙዚየም ጥርሱን ከሌሎች ተሳቢዎች ጥርስ ጋር ሲያመሳክር የሚመስለው አጣ። በመጨረሻ ሳሙኤል ስታችበሪ የተባለው የሙዚየሙ ረዳት የኢጉዋናን አፅም አሳየው። ኢጉዋና በአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሚኖር ቅጠል በል እንሽላሊት ነው። ቅርጹ ቁርጥ ያንን ጥርስ! ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ የማንቴሉ ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በ1825 ጥናቱ በሮያል ሶሳይቲ ተነበበ፤ እንስሳውም ኢጉዋኖዶን፣ ማለትም የኢጉዋና ጥርስ፣ ተባለ። ዳይኖሰር የሚለው የወል ስም እንኳ የወጣው ዘግይቶ በ1842 ነው።

ማንቴልም በበኩሉ ተሳስቷል። ከጥርሱ ተነሥቶ የእንስሳውን ርዝመት ከ18 ሜትር በላይ አደረሰው፤ አንድ ሾጣጣ አጥንትም አፍንጫው ላይ እንደ ቀንድ ሣለበት። በ1878 በቤልጅግ ቤርኒሳር ከሰል ማውጫ ውስጥ ሙሉ አፅሞች ሲገኙ ግን ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ፣ ቀንድ የተባለውም የአውራ ጣት ሹል መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያዎቹም ጥርሶች ቢሆኑ ወገኑን እንጂ ትክክለኛ ዝርያውን ለይቶ ለመናገር አይበቁም፤ ተመሳሳይ ጥርስ ያላቸው ብዙ ዘመዳሞች ነበሩና። ስለዚህ ከ2000 ወዲህ የኢጉዋኖዶን መለኪያ የቤርኒሳሩ አፅም ሆኗል።

ኑሮው አላማረለትም። በ1833 ወደ ብራይተን ተዛወረ፤ ቤቱ ሙዚየም ሆነና በሽተኛው ቀነሰ። በ1838 ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም በ4000 ፓውንድ ሸጠ። በ1839 ሚስቱ ትታው ሄደች። በ1841 በሠረገላ አደጋ አከርካሪው ተጎዳ፤ ሥቃዩን ለማስታገሥ ኦፒየም ይወስድ ነበር፤ በ1852 ከመጠን በላይ ወስዶ ሞተ።

ነገ ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ አጥንት ይዞ መጥቶ የምን እንደሆነ ይጠይቀን ይሆናል። ገምተን ብንመልስለት እናፍናለን፤ ሌላ አጥንት አጠገቡ አስቀምጠን አብረን ብናመሳክር ግን እናስተምረዋለን። ከተሳሳትንም እንደ ኩቪየ ማረም ነው እንጂ መደበቅ የለም።