ኦሌ ኤቪንሩድ፦ ሞተርን ከጀልባ ኋላ የሰቀለው ሰው

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ አጎቴ ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ሞተሩ ይነሳል፣ ይጮኻል፤ ፕሮፔለሩ ግን አይዞርም። ስፈታው ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን የነሐስ ፒን ለሁለት ተቆርጧል። እኔም የመካኒካል ተማሪ ነኝና ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ከጠንካራ ቡሎን ሞርጄ ሌላ ፒን ሠራሁለት። ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ ጀልባው እንደገና ድንጋይ ሲነካ የእኔ ፒን አልተሰበረም፤ የተሰበረው የማርሹ ጥርስ ነበር። ለካ ያ ቀጭን ፒን የተሠራው እንዲሰበር ኖሯል!

አጎቴ አልተቆጣኝም። ማርሹ እስኪገኝ ድረስ ግን ወር ሙሉ በመቅዘፊያ ሠራ። እሱ ሲቀዝፍ እያየሁ ቁጭ ማለቱ ከቁጣ ይብሳል። ያን ጊዜ ነው ይህን ዓይነት ሞተር ለሰው ያዳረሰው ማነው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁትን ለዲፓርትመንታችን ልጆች ላካፍል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦሌ ኤቪንሩድ በ1877 ኖርዌይ ውስጥ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሪፕሊ በሚባል ሐይቅ አጠገብ በእርሻ ሥራ ኑሮውን መሠረተ። ኦሌ ግን ልቡ ከእርሻው ይልቅ ወደ ማሽኑ ነበር። በ16 ዓመቱ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄዶ በማሽን ሥራ ተቀጠረ። ቀን እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ምሕንድስናን ከመጽሐፍ ላይ ለብቻው ያጠና ነበር። ኮሌጅ አልገባም። በኋላም በፒትስበርግና በቺካጎ እየተዘዋወረ ሙያውን አዳበረ፤ ወደ 1900 ገደማ ሚልዋኪ ተመልሶ ከሸሪክ ጋር በትዕዛዝ ሞተር የሚሠራ ድርጅት ከፈተ።

እዚያ ሰፈር ቤስ ኬሪ የምትባል የንግድ ትምህርት የምትማር ወጣት ነበረች። የኦሌን ደብዳቤዎችና ሂሳብ የምትይዝለት እሷ ነበረች። በ1906 በጋ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ኦካውቺ ሐይቅ ሊዝናኑ ሄደው ሳለ ቤስ አይስክሬም አማራትና ኦሌ በጀልባ እየቀዘፈ ሊያመጣላት ተነሳ። መንገዱ ሩቅ፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ስለነበር ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጦ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ተጋቡ። የቀዘፋው ድካም ግን ከኦሌ አእምሮ አልወጣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ተነቃይ የጀልባ ሞተር የመጀመሪያው ፈልሳፊ ኦሌ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በ1881 ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ ፓሪስ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተነቃይ ሞተር ሞክሯል፤ በአሜሪካም ካሜሮን ዋተርማን የሚባል ሰው ኦሌን ቀድሞ ለገበያ አቅርቧል። የኦሌ ድርሻ ሞተሩን አስተማማኝና ተራ ሰው የሚይዘው አድርጎ መሥራቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ተኝቷል፤ ክራንክ ሻፍቱ ግን ቆሟል። ከክራንክ ሻፍቱ ሌላ ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል። እታች፣ ውኃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ሾጣጣ ማርሾች ተገናኝተው ዙረቱን በ90 ዲግሪ ያጥፉትና ፕሮፔለሩን ያዞሩታል። ዛሬ ጣና ላይ ያሉት ብዙዎቹ ሞተሮች መሠረታቸው ይኸው ነው። ጀልባውን መብሳት የለም፤ ሙሉ ሞተሩ ከኋላ ተሰቅሎ በእጅ ይነቀላል። የተበላሸ እንደሆነ ባለቤቱ ተሸክሞ ቤቱ ወስዶ ጨርቅ ላይ ይፈታዋል።

ቤስ የመጀመሪያውን ሞተር ስታይ ቡና መፍጫ ይመስላል አለች ይባላል። ቢሆንም ሥራውን አልናቀችም፤ ገዢ ፈልጎ ማስታወቂያውን የመጻፉን ነገር ራሷ ያዘችው። በ1909 በስማቸው ኩባንያ አቋቋሙ። ሞተሩ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 62 ፓውንድ፣ ማለትም 28 ኪሎ ገደማ፣ ዋጋውም 62 ዶላር ነበር። ትዕዛዙ ከውጭ አገር ሁሉ ይጎርፍ ጀመር።

ገበያው በደራበት ሰዓት የቤስ ጤና ታወከ። ኦሌ ምን አደረገ? ድርሻውን ክሪስ ማየር ለሚባለው ሸሪኩ ሸጠ፤ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ ላለመወዳደርም ተስማማ። ከዚያ ሚስቱንና ልጁን ይዞ እየተጓዘ ኖረ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ይሄ ነው። ስሙ የተጻፈበትን ኩባንያ ለሌላ ሰው መስጠት እኮ ቀላል አይደለም።

እጁ ግን ሥራ አልፈታም። በብዛት ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ቀለል ያለ ሞተር ነደፈ። ወደ ማየር ቢወስደው ማየር አልፈልግም አለ። ስለዚህ ባልና ሚስቱ በ1921 ኤልቶ የተባለ አዲስ ኩባንያ ከፍተው ከገዛ ስማቸው ጋር መፎካከር ጀመሩ! አዲሱ ሞተር የጉልበቱ መጠን ከቀድሞው እጥፍ ሲሆን ክብደቱ 50 ፓውንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በ1929 ኩባንያዎቹ ተዋሐዱና ኦሌ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ቤስ በ1933 አረፈች፤ ኦሌም በዓመቱ፣ በሐምሌ 1934፣ በ57 ዓመቱ ተከተላት። በስሙ የሚጠሩት የጀልባ ሞተሮች እስከ 2020 ድረስ ሲመረቱ ቆይተዋል።

ወደ አጎቴ ሞተር ልመለስ። ማርሹ ሲገኝ እንደ በፊቱ አልቸኮልኩም። በመጀመሪያ ዘይቱን አፈሰስኩ፤ ወተት መስሎ ወጣ። ይህ ማለት ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከማርሹ ጋር ኦይል ሲሉንም ቀየርኩ። እያንዳንዱን ክፍል ሳወጣ ጨርቅ ላይ በተራ በተራ ደረደርኩ፤ ስገጥም ከኋላ ወደ ፊት ተመለስኩ። ስብርባሪ ብረት እንዳይቀር ቤቱን በናፍጣ አጠብኩ። ፒኑን ግን እንደ ጥንቱ ለስላሳ ነሐስ አደረግኩት፤ ሁለት መለዋወጫም በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሞተሩ ላይ አሰርኩለት።

ፒኑን የፈለሰፈው ኦሌ ነው ማለቴ አይደለም። ከሕይወቱ የወሰድኩት ግን ለዚያ ፒን ይሠራል። ኦሌ ለቤስ ሲል ኩባንያውን ለቀቀ እንጂ ቤስን ለኩባንያው አልሰጠም። ማሽንም ላይ ቢሆን የትኛው ክፍል ቀድሞ እንዲሰበር፣ የትኛው እንዲተርፍ አስቦ የወሰነ ሰው አለ። የዚያን ሰው ሐሳብ ሳልረዳ ጠንካራ ነገር መተካት ጥገና መስሎኝ ነበር። ትምህርቱን የከፈለልኝ አጎቴ ነው፣ ወር ሙሉ በመቅዘፊያ።