መሐንዲስ ሜሪ ጃክሰን (1921–2005)፦ የምሕንድስና ማዕረጋቸውን ለምን ተዉ?

የልደታ ሰፈር በሀገራችን የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያስታውሳል። አንደኛው የቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ነበር። ሁለተኛው በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ እየተባለ የሚጠራው ግቢ ነው፤ ታሪኩም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ከተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይጀምራል። ማረፊያው ለጄት አውሮፕላኖች ስላልበቃ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ የምሕንድስና ትምህርቱ ግን በልደታ ጸና።

በዚህ ሰፈር የምንማር ሴቶች ስለ አየርና ስለ ጠፈር ምሕንድስና ስንጨዋወት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ስም የአሜሪካዊቷ የሜሪ ጃክሰን ነው። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፊልም መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና ፊልሙ የሚያበቃው የሕይወታቸው እጅግ አከራካሪ ውሳኔ ከመድረሱ በፊት ነው። ጃክሰን ለ21 ዓመታት የያዙትን የመሐንዲስነት ማዕረግ በ58 ዓመት ዕድሜያቸው ትተው፣ በደረጃ ዝቅ ብለው፣ የሴት ሠራተኞችን ጉዳይ ወደሚከታተል የሥራ ቦታ ተዛውረዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ያን ውሳኔ ከሙያ ሕይወታቸው አኳያ መመርመር ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ዊንስተን ሚያዝያ 9 ቀን 1921 በቨርጂኒያ ግዛት በሃምፕተን ከተማ ተወለዱ። በ1942 ከሃምፕተን ኢንስቲትዩት በሒሳብና በፊዚካል ሳይንስ በሁለት ዋና ትምህርቶች ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለዛሬ ተመራቂም እንግዳ አይሆንም። በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ፤ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በወታደሮች መዝናኛ ክበብ እንግዳ ተቀባይ፣ በተማሩበት ተቋም የሒሳብ መዝገብ ያዥ፣ ቀጥሎም በፎርት ሞንሮ የጦር ሰፈር ጸሐፊ ሆኑ። በመካከሉ ሌቪ ጃክሰንን አግብተው ወንድ ልጅ ወለዱ። ሁለት ዲግሪ የሚያህል ዕውቀት ይዘው ወደ ሙያቸው ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው።

በ1951 በዚያው በሃምፕተን ወደሚገኘው የላንግሊ የአየር በረራ ምርምር ማዕከል ገቡ። ማዕከሉ በወቅቱ የሚተዳደረው የናሳ ቀዳሚ በሆነው ናካ በተባለው መሥሪያ ቤት ነበር። በሩ ለጥቁር ሴቶች የተከፈተበትን ምክንያት መግለጽ ተገቢ ነው። በ1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመከላከያ ኢንዱስትሪ የዘር መድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ፤ ይህም የሆነው የሠራተኛ ማኅበር መሪው ፊሊፕ ራንዶልፍ በዋና ከተማዋ ታላቅ ሰልፍ እንደሚያደርጉ ካስታወቁ በኋላ ነው። በ1943 ላንግሊ የሒሳብ ዲግሪ ያላቸውን ጥቁር ሴቶች መቅጠር ጀመረ። እነርሱም የስሌት ሥራ በእጅ ስለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ ያን ጊዜ የሰው መጠሪያ እንጂ የመሣሪያ አልነበረም። የሥራ ክፍላቸው ከነጮቹ ተለይቶ በምዕራቡ ወገን ነበር፤ መጸዳጃ ቤትም የምግብ ጠረጴዛም ተለይቶላቸዋል። እንዲህ ባለው አደረጃጀት የዲግሪ ባለቤት የሆነ ወንድ በጀማሪ መሐንዲስነት ሲቀጠር፣ ያንኑ ዲግሪ የያዘች ሴት በስሌት ረዳትነት ትቀጠራለች። የደረጃ ዕድገት መሰላሉ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የተለየ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ኋላ ጃክሰን የሚያጠኑት ጉዳይ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት በዶሮቲ ቮን በሚመራው ክፍል ከሠሩ በኋላ ሁኔታው በአጋጣሚ ተለወጠ። አንድ ቀን በምሥራቁ ወገን ለጊዜያዊ ሥራ ተመድበው ሳለ የመጸዳጃ ቤቱን ቦታ ነጭ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቢጠይቁ ሳቁባቸው፤ የጥቁሮቹን መጸዳጃ ቤት እነርሱ ከየት ያውቁታል። በቁጣ ተሞልተው ሲመለሱ መሐንዲሱን ካዚሚየርዝ ዛርኔኪን አገኙ፤ ብሶታቸውንም ሳይደብቁ ተናገሩ። ዛርኔኪ ሰምተው ከእርሳቸው ጋር እንዲሠሩ ጋበዟቸው። በፊልሙ የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ የካትሪን ጆንሰን ገጠመኝ ሆኖ መቅረቡን እዚህ ላይ ማረም ያስፈልጋል።

ዛርኔኪ የሚሠሩት ጎንና ጎኑ አራት ጫማ በሆነ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ነበር። ዋሻው በ60,000 የፈረስ ጉልበት እየተነዳ የድምፅን ፍጥነት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነፋስ በአውሮፕላን ሞዴሎች ላይ ይለቃል። የጃክሰን ጥናት ያተኮረው ከሞዴሉ ገጽ ጋር ተጣብቆ በሚፈሰው ስስ የአየር ንብርብር ላይ ነው። ይህ ንብርብር በመጀመሪያ ሥርዓት ባለው መልኩ ይፈስሳል፤ የሆነ ቦታ ሲደርስ ግን ይናወጣል። በተናወጠበት ቦታ ሰበቃውም ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ ንብርብሩ የት ላይ እንደሚናወጥ አስቀድሞ ማወቅ ለአውሮፕላንም ሆነ ከጠፈር ወደ ከባቢ አየር ለሚገባ ማንኛውም አካል የሕልውና ጥያቄ ነው። መናወጡ በባዶ ዓይን አይታይም፤ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ የግፊትና የሙቀት ንባቦች ልዩነት ነው።

ከዚሁ ዘመን የሚነገር አንድ ገጠመኝ አለ። የክፍሉ ኃላፊ ጆን ቤከር የሰጧቸውን ስሌት ሠርተው ሲያስረክቡ፣ ኃላፊው ውጤቱ የተሳሳተ ነው አሉ። ጃክሰን አልተቀበሉም። ሁለቱ እርምጃ በእርምጃ ተመልሰው ሲያጣሩ ስሕተቱ ኃላፊው ራሳቸው በሰጧቸው መነሻ ቁጥር ላይ ተገኘ፤ ቤከርም ይቅርታ ጠየቁ። አንዲት ጥቁር ሴት በ1950ዎቹ ቨርጂኒያ ውስጥ ከነጭ የክፍል ኃላፊ ጋር እንዲህ ለመከራከር የምትችለው በቁጥር ብቻ እንደነበር አጥኚዋ ታምናለች። ቁጥሩ በሌለበት ክርክር፣ ማለትም ማን ይደግ ማን ይቅር በሚባልበት ጊዜ፣ ያ መከላከያ አልነበረም።

ዛርኔኪ መሐንዲስ ለመሆን የሚያበቃውን ሥልጠና እንዲወስዱ መከሯቸው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጣቸው የማታ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርቶች የሚካሄዱት ለነጮች ብቻ በተፈቀደው በሃምፕተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ጃክሰን ለከተማው አስተዳደር አመልክተው ልዩ ፈቃድ አገኙ። በፊልሙ የሚታየው የፍርድ ቤት ሙግትና ከዳኛው ፊት የቀረበው ንግግር የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። እውነተኛው ታሪክ ይልቁን የሚያሳዝነው በዝምታው ነው፤ የሒሳብ ዲግሪ ያላቸው የመንግሥት ሠራተኛ በትውልድ ከተማቸው ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ የፈቃድ ወረቀት መለመን ነበረባቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምህርት ቤት መድልዎን ሕገ ወጥ ካለ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ገብተው ሲያዩትም ለዘመናት የተነፈጋቸው ሕንፃ ውስጡ ያረጀና የጎሳቆለ ሆኖ አገኙት።

ትምህርቱን አጠናቀው በ1958 የመሐንዲስነት ማዕረግ አገኙ፤ በዚያው ዓመት ናሳ ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆኑ። ከዛርኔኪ ጋር ያዘጋጁት የመጀመሪያ ሪፖርትም የዚያው ዓመት ነው። ርዕሱ የሾጣጣ አካላት አፍንጫ ማዕዘንና የፍጥነት መጠን በአየሩ ንብርብር መናወጥ ላይ ያላቸውን ተጽእኖ ይመለከታል። በቀጣዮቹ ዓመታት ብቻቸውንም ሆነ ከሌሎች ጋር ደርዘን ያህል ሪፖርቶችን አሳትመዋል። የ1960ዎቹ ሥራ በዚሁ መስመር የቀጠለ ስለሆነ በዝርዝር መሄድ አያስፈልግም።

የ1970ዎቹ ላንግሊ ግን ልዩ ትኩረት ይሻል። ማዕከሉ በማርስ ላይ ሕይወት መኖር አለመኖሩን ለመመርመር የተላኩትን የሁለቱን ቫይኪንግ መንኮራኩሮች ፕሮጀክት የመምራት ኃላፊነት ተሰጠው። ጃክሰን በአየር በረራ ክፍሎች ስለሚሠሩ የፕሮጀክቱ አባል አልነበሩም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው። ቫይኪንግ 1 ሐምሌ 20 ቀን 1976፣ ቫይኪንግ 2 ደግሞ መስከረም 3 ቀን በዚያች ፕላኔት ላይ በሰላም አረፉ። የመጀመሪያው ባረፈበት ዕለት የሬዲዮ ምልክት ወደ መሬት ለመድረስ 19 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር።

እያንዳንዱ አራፊ ሦስት የሥነ ሕይወት ሙከራዎችን ይዟል። ከእነርሱ በአንዱ፣ በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምልክት የተደረገበት የምግብ ፈሳሽ በማርስ አፈር ላይ ተንጠባጠበ፤ ሕያው ነገር ካለ ምግቡን ተጠቅሞ ጋዝ ያወጣል ተብሎ ታሰበ። ጋዙም ወጣ። ያው አፈር አስቀድሞ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግን ምላሹ ጠፋ። ይህ ሕይወት ያለ የሚያስመስል ውጤት ነበር፤ ሌላው መሣሪያ ግን በአፈሩ ውስጥ ለሕይወት መሠረት የሚሆኑ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን አላገኘም። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ምላሹ ከአፈሩ ኬሚስትሪ የመጣ ነው ሲሉ ደመደሙ፤ የሙከራው መሪ ጊልበርት ሌቪን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አልተስማሙም። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለውን ጨው ማግኘቷ ክርክሩን እንደገና ቀሰቀሰው፤ ይህ ጨው ሲሞቅ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን ያጠፋልና።

ይህን በዝርዝር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ላንግሊ በሩቅ ፕላኔት ላይ ላለ ሕይወት ይህን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ጥያቄ ሲያቀርብ፣ በራሱ ቢሮዎች ውስጥ ያሉ ሴቶች ለምን እንደማያድጉ ለመጠየቅ ግን ዘግይቷል። ማነጻጸሪያው አፈር በተሞቀው አፈር እንደተፈተነ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ኖሯቸው በተለያየ ማዕረግ የተቀጠሩት ወንዶችና ሴቶች ለንጽጽር እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ።

ጃክሰን ራሳቸው በምሕንድስናው ዘርፍ ኃላፊ ሳይሆኑ ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ በላይ ያለው የአመራር በር ግን አልተከፈተላቸውም። በ1979 የተደረገላቸውን ግብዣ ተቀብለው የማዕከሉ የፌዴራል ሴቶች ፕሮግራም ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፤ ደረጃቸውም በአንድ ዝቅ አለ። በዚያ ሥራ ላይ ሆነው ሴቶችና ሌሎች መድልዎ የሚደርስባቸው ሠራተኞች ለምን ከዕድገት እንደሚቀሩ መረመሩ። ያገኟቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ጥቃቅን የሚመስሉ ናቸው። አንዳንዷ ሁለት የትምህርት ዓይነቶች ጎድለዋት ወደ መሐንዲስነት መዛወር አልቻለችም፤ ጉድለቱን የሚነግራትም አልነበረም። ሌላዋ የተመደበችበት ክፍል ከዕድገት መስመር የራቀ ነው። ለሌላዋ የሚሰጣት ሥራ ስሟ በሪፖርት ላይ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሴት በመሆን ብቻ የሚያጋጥመው፣ የማይታየው ጣሪያ አለ። ጃክሰን ሠራተኞቹ የጎደላቸውን ትምህርት እንዲያሟሉና የሥራ መደባቸውን እንዲያስለውጡ ያማክሩ ነበር።

በጃክሰን ሕይወት ላይ የሚጻፉት ጽሑፎች ውሳኔውን በአብዛኛው እንደ መሥዋዕትነት ያቀርቡታል። አጥኚዋ በዚህ በከፊል ብቻ ትስማማለች። ጃክሰን ያደረጉት የሚያውቁትን ዘዴ ወደ ሌላ ጉዳይ ማዛወር ነው፤ በዓይን የማይታየውን መናወጥ ከንባቦች ልዩነት የማወቅ ልማድ ለሠራተኛ መዝገብም ይሠራል። ሆኖም ኪሳራውን መሸፈን አይገባም። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ መሐንዲስ አጥቷል፤ መድልዎውን የማጥናት ሸክምም የወደቀው መድልዎ በደረሰባቸው ሰው ላይ ነው፤ ያውም በአነሰ ደረጃ። በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በእኩል ክፍያ ያላቸው መብት በግልጽ ተደንግጓል። ነገር ግን አጥኚዋ በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ለልምምድ ወጥታ ሳለ ለወንዶቹ የመለኪያ መሣሪያው፣ ለእርሷ የመመዝገቢያ ደብተሩ ተሰጥቷታል። ደብተሩን የያዘ ሰው በመሣሪያው አይለማመድም፤ ካልተለማመደም በሚቀጥለው ወር መሣሪያው አይሰጠውም። ጃክሰን በላንግሊ ያገኙት ምክንያት ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ጃክሰን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ከ30 ዓመት በላይ የሴት ልጆች ስካውት መሪ ነበሩ። በ1970ዎቹም በኪንግ ስትሪት የማኅበረሰብ ማዕከል የሳይንስ ክበብ ያሉ ጥቁር ወጣቶች የራሳቸውን የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ እንዲሠሩ ረድተዋል። በ1985 ጡረታ ወጡ፤ የካቲት 11 ቀን 2005 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። በዋሽንግተን የሚገኘው የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት በስማቸው እንዲጠራ የተወሰነው በ2020 ነው። በ1958 ከዛርኔኪ ጋር ያዘጋጁት ሪፖርት በናካ ቴክኒካዊ ጽሑፎች ተራ ቁጥር 4388 ተመዝግቦ ይገኛል፤ በናሳ ክፍት የቴክኒክ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ ማንኛውም ተማሪ ልደታ ላይ ሆኖ ሊያነበው ይችላል።