ፌሊክስ ዴሬል፦ ከዶሮ ኩስ ውስጥ መድኃኒት ያገኘው ተመራማሪ

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ ክረምት ሊገባ ሲል የዶሮ እልቂት የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጊዜ በሥራ ምክንያት በዚያ ሲያልፍ፣ አንዲት እናት ለሰው የሚታዘዘውን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ከፍተው፣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው ለዶሮዎቻቸው ሲያጠጡ ተመልክቷል። ከዐሥራ አንዱ ዶሮዎች በሳምንቱ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ዘጠኙ ለምን ሞቱ የሚለውን ሁሉም ጠየቀ። ሁለቱ ለምን ተረፉ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ግብርና የተማረው አቅራቢም ቢሆን አልጠየቀም።

ይህንኑ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ አገር፣ ዶሮ በሚያልቅበት ግቢ መካከል ቆሞ የጠየቀ ሰው ነበር። ስሙ ፌሊክስ ዴሬል ይባላል። ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ መኖሩን ለዓለም ያሳወቀና ያንኑ ቫይረስ መድኃኒት ለማድረግ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። እንክብሉ አልሠራ እያለ በመጣበት በአሁኑ ጊዜ ስሙ እንደገና እየተነሣ ስለ ሆነ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ታሪኩን ቢያውቁት ይጠቅማል ተብሎ ቀርቧል።

ዴሬል በ1873 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እርሱ ራሱ በካናዳ አገር በሞንትሪያል እንደ ተወለደ ይናገር ስለ ነበር፣ መጻሕፍትም ለብዙ ዘመን ይህንኑ ሲደግሙ ኖረዋል። በሕክምናም ሆነ በሳይንስ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አልነበረም። ስለ ረቂቅ ተሐዋስያን ያወቀውን ያወቀው በገዛ ራሱ አንብቦ፣ በቤቱ ባቋቋመው አነስተኛ ላቦራቶሪ እየሞከረ ነው። በካናዳ ከወንድሙ ጋር የቸኮላታ ፋብሪካ ከፍቶ ከሰረ። በ1901 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ጓቲማላ ሄደና በዋናው ከተማ ሆስፒታል የባክቴሪያ መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ተሻግሮ ከቃጫ ተክል ተረፈ ምርት አልኮል የሚወጣበትን ዘዴ ሲፈልግ ቆየ። ጥንስስ እንዴት እንደሚፈላ፣ ምን እንደሚያበላሸው በሚገባ ያውቅ ነበር። ጠላና አረቄ የሚያወጡት እናቶቻችን ሥራውን ቢያዩ ብዙ አይገረሙም ነበር።

በ1910 ገደማ የአንበጣ መንጋ ሜክሲኮን ወረረ። የአንበጣ ሬሳ የተነጠፈበት ቦታ መኖሩን ለዴሬል የነገሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። እርሱም ሄዶ የታመሙትን አንበጣዎች ሰበሰበና ተቅማጥ የሚያስይዛቸውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። አንበጣው ገና ሳይደርስ ይህን ባክቴሪያ ከፊቱ ባለው ተክል ላይ መርጨት፣ ከዚያም በሽታው በመንጋው ውስጥ እንዲዛመት ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ። ዘዴውንም በአርጀንቲና፣ በኋላም በአልጄሪያና በቱኒዝያ ሞከረው። እርሱ ተሳክቷል አለ፤ ሌሎች ሲሞክሩት ግን ብዙ ጊዜ አልሠራም። በ2020 በወሎ የአንበጣን ጉዳት ያየ ሰው፣ የመጨረሻው መፍትሔ ይህ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሆኖም አንበጣው ሌላ ነገር አሳየው። ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ሲያባዛ፣ ሳህኑን እንደ ስስ እርጎ ከሸፈነው ባክቴሪያ መካከል አንዳንድ ቦታ ምንም ያልበቀለበት ንጹሕና ክብ ነጥብ ይታየው ነበር። አረም በወረሰው ማሳ መካከል ባዶ መሬት እንደ ማየት ማለት ነው። ባክቴሪያውን እዚያ ላይ ምን አጠፋው?

መልሱን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ ነው። በፓስተር ኢንስቲትዩት ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር። በ1915 በፈረሰኛ ጦር ውስጥ የደም ተቅማጥ ሲነሣ ጉዳዩን እንዲመረምር ታዘዘ። የታማሚዎቹን ሰገራ በውሃ በጥብጦ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጠለለው። የጠለለውን ውሃ በሽታውን ካመጣው ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ አሳደረ። አንዱን በሽተኛ በየቀኑ ይከታተል ነበር። በሽተኛው በጠናበት ሰሞን ውሃው ምንም አላደረገም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ደፍርሶ የነበረው የባክቴሪያ ብርጭቆ ጠርቶ፣ ባክቴሪያው ስኳር በውሃ እንደሚሟሟ ሟሙቶ አገኘው። ዴሬል በኋላ እንደ ጻፈው፣ ወደ ሆስፒታሉ ሮጦ ሲሄድ በሽተኛውም በዚያች ሌሊት ተሽሎት ነበር።

ግኝቱ መስከረም 10 ቀን 1917 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ከዚያ በፊት በ1915 ፍሬደሪክ ትዎርት የተባለ እንግሊዛዊ ተመሳሳይ ነገር ተመልክቶ ጽፎ ስለ ነበር፣ ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመት ዘልቋል። ስም ያወጣለት ግን ዴሬል ነው፤ ባክቴሪዮፋጅ አለው፣ ባክቴሪያ በል እንደ ማለት። በአጭሩ ፋጅ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ከእኛ ፈጀ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው እንጂ ለሥራው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ፋጅ ከባክቴሪያ እጅግ የሚያንስ ቫይረስ ነው። የሚስማማውን ባክቴሪያ ሲያገኝ በላዩ ላይ ይለጠፍና ዘሩን ወደ ውስጥ ያስገባል። ውስጥ ሆኖ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይባዛል። ከዚያ በብዙ ዐሥር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ የሚሆኑ አዳዲስ ፋጆች ባክቴሪያውን አፈንድተው ይወጡና ሌሎቹን ያጠቃሉ። ባክቴሪያው ሲያልቅ ፋጁም የሚራባበት አጥቶ ይመናመናል። በጣም መራጭ ነው። ቱ ፎር ዲ በጤፍ ማሳ ላይ ሲረጭ ጤፉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም እንደሚመርጥ ገበሬው ያውቃል፤ ፋጅ ከዚያ ይብሳል፣ አንዱን የባክቴሪያ ዓይነት ገድሎ የቅርብ ዘመዱን ሊተወው ይችላል። አንቲባዮቲክ ግን በሆድ ውስጥ ያለውን ጠቃሚውንም ጎጂውንም ባክቴሪያ አብሮ ይመታል።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ እንመለስ። በ1919 በፈረንሳይ ገጠር የዶሮ ታይፎይድ የተባለው በሽታ ግቢ ለግቢ እየዞረ ዶሮ ይጨርስ ነበር። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ዴሬል በየገበሬው ቤት እየገባ የሞቱትን ብቻ ሳይሆን ታመው የዳኑትን፣ በእልቂቱም መካከል ጭራሽ ያልታመሙትን ዶሮዎች ፈለገ። ኩሳቸውን ሰብስቦ ሲያጠልለው፣ በዳኑት ዶሮዎች ኩስ ውስጥ በሽታውን የሚፈጅ ኃይለኛ ፋጅ አገኘ። ያንኑ አባዝቶ በሽታው ለገባባቸው መንጋዎች ሲሰጥ ሞቱ ቀነሰ። በሽታ ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚተላለፍ ሁሉ ፋጁም በኩስና በውሃ እየተላለፈ፣ ፈውስም ይጋባል ወደሚል እምነት ደረሰ። ለመዳን ዋናው ምክንያት የእንስሳው የራሱ የመከላከል ኃይል መሆኑን የኋላ ሳይንስ አሳይቷል፤ በዚህ ዴሬል አጋንኗል። ሆኖም የተረፈውን ዶሮ ኩስ ለመመርመር ጎንበስ ያለ ሌላ ሊቅ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ሰው ማከም ጀመረ። መጀመሪያ ራሱ ጠጣው፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም ጠጡት። ምንም እንዳላደረጋቸው ከታየ በኋላ በደም ተቅማጥ ለተዳከመ የ12 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳነ። ሌሎች ሦስት ታማሚዎችም ተከተሉ።

በ1920 ወደ ኢንዶቻይና ሄዶ የውሃ ጎሾችን የሚገድለውን በሽታ ያዘ። ይህ በሽታ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አንገትና ጉሮሮ እያሳበጠ ከብቱን በአንድና ሁለት ቀን የሚጥለው ጎሮርሳ ወገኑ ነው። በ1925 በግብፅ፣ በስዊዝ ቦይ ባለፈ መርከብ ላይ ቸነፈር የያዛቸውን አራት ሰዎች እብጠታቸው ላይ ፋጅ ወግቶ አዳናቸው። ቀጥሎም በሕንድ የኮሌራ ሕሙማንን አከመ፤ የመንደር ጉድጓድ ውሃ ውስጥም ፋጅ አስጨመረ። ከዩኒቨርሲቲ ያልወጣው ሰው የሌይደን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጠው፤ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆነ።

ታዲያ ይህን ያህል ከሠራ መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። ነጋዴዎች ፋጅን ለማይመለከተው በሽታ ሁሉ፣ ቫይረስ ለሚያመጣው ጭምር ይሸጡት ጀመር። በብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ የሚሠራ ፋጅ አልነበረም። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ሳይመረመር የተሰጠ ፋጅ ደግሞ ለማያውቀው በር የተቀረጸ ቁልፍ ነው። በ1934 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገለጸ። ዴሬልም ከጥፋት ነጻ አልነበረም፤ ግትር ነበር፣ ትችት አይወድም፣ መድኃኒት ከሰጣቸው ጎን ያልሰጣቸውን ሰዎች አቁሞ የማነጻጸሩን ሥራ ብዙ ጊዜ ዘሎታል። ፋጅ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው በማለቱ ግን ትክክል እርሱ ነበር። የተቃወሙት ታላላቅ ሊቃውንት የተሳሳቱ መሆናቸውን በ1940 ገደማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣው ምስል አረጋገጠ።

በ1933 የሥራ ጓደኛው ጊዮርጊ ኤሊያቫ ወደ ትብሊሲ፣ ጆርጂያ ጠራው። ኤሊያቫ በ1923 ያቋቋመው ኢንስቲትዩት በፋጅ ሕክምና የዓለም ማዕከል ሊሆን ታስቦ ነበር። ዴሬልም በዚያ ሊኖር አስቦ፣ በግቢው ውስጥ ቤት ይሠራለት ነበር። ነገር ግን በ1937 የስታሊን መንግሥት ኤሊያቫን አስሮ ገደለው፤ ዴሬልም ዳግመኛ ወደዚያ አልተመለሰም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በፈረንሳይ ቪሺ ከተማ አግተው አቆዩት። ጦርነቱ ሲያበቃ ፔኒሲሊን ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ አንዱ መርፌ ለብዙ በሽታ ስለሚሠራ የትኛው ባክቴሪያ ነው ብሎ የሚለፋ ሐኪም አነሰ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግሞ ቢታጭም ሳያገኘው፣ የካቲት 22 ቀን 1949 በፓሪስ በካንሰር ሞተ። ስሙም ብዙም ሳይቆይ ተረሳ።

የትብሊሲው ኢንስቲትዩት ግን አልተዘጋም፤ እስከ ዛሬ በፋጅ ያክማል። በ2006 አሜሪካ በሥጋ ላይ የሚገኝ አንድ ጎጂ ባክቴሪያን ለማጥፋት ፋጅ እንዲረጭ ፈቅዳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ልክ ለሰውም ለእንስሳም ሲሰጥ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፣ የጠነከረው ተርፎ ይራባል። በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ባክቴሪያ ፋጅንም መልመዱ አይቀርም፤ ልዩነቱ፣ ከኩስና ከወራጅ ውሃ ሌላ አዲስ ፋጅ መፈለግ መቻሉ ነው።

በወረዳዎቻችን የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የሚሰጥ ፋጅ የለም። በክረምት መግቢያ መንደሩን የሚጠርገው ፈንግልም ብዙውን ጊዜ የቫይረስ በሽታ ስለ ሆነ ፋጅም እንክብልም አያቆመውም፤ የሚከላከለው በቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው፣ እርሱም በሽታው ሳይገባ ሲሰጥ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ የፈንግልም የዶሮ ታይፎይድም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዓይን መለየት ያዳግታል። ስለዚህ ዶሮ መሞት በጀመረበት ቀን የማኅበሩ መሪ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢያስታውቅ፣ ባለሙያው ናሙና ወስዶ ወደ ባሕር ዳር የምርመራ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል። ሲያስታውቁም ስንት እንደ ሞቱ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደ ተረፉ፣ በየማን ግቢ እንደ ተረፉ፣ ምን መድኃኒት እንደ ጠጡ አብሮ ይነገር።