ወይዘሪት ሜሪ ስዊትዘር እና የተሐድሶ ሕክምና ምርምር

የተሐድሶ ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆኖ እንዴት እንደ ቆመ ሲወሳ፣ በቅድሚያ የሚነሡት የሐኪሞች ስሞች ናቸው። በኒው ዮርክ የዶክተር ሐዋርድ ረስክ፣ በሚኒሶታ የዶክተር ፍራንክ ክሩሰን፣ በኒው ጀርሲ የዶክተር ሄንሪ ኬስለር ሥራ በሙያው ባልደረቦች ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። የእነዚህ ሐኪሞች ሐሳብ ከየሆስፒታሉ አጥር ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ የሚጠና ዕውቀት እንዲሆን፣ ደቀ መዛሙርታቸውም በችሮታ ሳይሆን በቋሚ ድጋፍ ለምርምር እንዲሠለጥኑ የመንግሥትን ካዝና ያስከፈቱት ግን ሐኪም ያልነበሩ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው።

ሜሪ ኤልሳቤጥ ስዊትዘር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1900 በማሳቹሴትስ፣ ኒውተን አፐር ፎልስ በተባለች የፋብሪካ መንደር ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው በዘመዶቻቸው እጅ አደጉ። አጎታቸው ስለ አየርላንድ ነጻነትና ስለ ሠራተኛው መብት የሚቆረቆሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ መንግሥት ለደካማው ሊደርስለት ይገባል የሚለው እምነት በዚያው ቤት ሳሉ የተተከለባቸው ነው ለማለት ይቻላል። ራድክሊፍ ኮሌጅ ገብተው በ1921 ተመረቁ፤ በማግሥቱም ዓመት ዋሽንግተን በሚገኘው የገንዘብ ሚኒስቴር ሥራ ያዙ።

ከጤና ጉዳይ ጋር ያገናኛቸው አጋጣሚ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በዚያ ዘመን በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ይተዳደር ስለ ነበር፣ በ1934 ይህንኑ አገልግሎት በበላይነት ይቆጣጠሩ ለነበሩት ለወይዘሪት ጆዜፊን ሮሽ ረዳት ሆነው ተመደቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሐኪሞችን በጦር ሠራዊቱና በሲቪሉ ሕዝብ መካከል የማከፋፈሉን ከባድ ሥራ ከሚያስተባብሩት መካከል ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ያገኙት ሀብት ዝና አልነበረም፤ የበጀትን መንገድና የኮንግሬስን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ነበር።

በ1950 መጨረሻ የአካል ጉዳተኞች የሙያ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ዲሬክተር ሆነው ሲሾሙ የተረከቡት ቢሮ ትንሽ ነበር። በ1920 የወጣው ሕግ ጉዳተኛውን ሥራ ከማስተማር አያልፍም ነበር፤ ለቀዶ ሕክምናና ለሆስፒታል መክፈል የተፈቀደው በ1943 ነው። ሕጉ ቢፈቅድም ሠሪው አልነበረም። የፊዚካል ሕክምና በአሜሪካ የራሱ የስፔሻሊስቶች ቦርድ ያገኘው በ1947 ሲሆን፣ ሐኪሞችን በዘርፉ ለማሠልጠንና ምርምርን ለማስጀመር ዋነኛ ምንጭ ሆኖ የቆየው ባለጸጋው በርናርድ ባሩክ በሐኪም አባታቸው መታሰቢያ የሰጡት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ስጦታ ነበር። ስጦታው ብዙ ዘር ዘርቷል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ስጦታ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ ያን ጊዜ የጀመረው ተማሪ ትምህርቱን በማን ገንዘብ ይፈጽማል?

ለዚህ ጥያቄ ወይዘሪት ስዊትዘር የሰጡት መልስ ፕሬዚዳንት አይዘንሐወር ኦገስት 3 ቀን 1954 የፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ለስቴቶች አገልግሎት የሚሰጠውን የፌዴራል ገንዘብ በ1955 ከ30 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ በ1958 እስከ 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲያድግ ፈቀደ። ለሙያው ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ የሚበልጡት ሁለት አዳዲስ መስመሮች ናቸው። አንደኛው ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ለምርምርና ለሙከራ ሥራ ከወጪው ከፊሉን የሚያገኙበት ነው፤ ማመልከቻው በአማካሪ ምክር ቤት ይመረመራል፤ ጠያቂውም የራሱን ድርሻ ማዋጣት ይኖርበታል። ሁለተኛው ለሥልጠና የተመደበው ነው፤ ለትምህርት ክፍሉ የመምህራን ደመወዝ፣ ለተማሪውም መደጎሚያ ይከፍላል። በተሐድሶ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች፣ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች፣ የሶሻል ሠራተኞችና የማቋቋሚያ አማካሪዎች በዚህ መስመር ገብተዋል።

በኮንግሬስ ፊት ያቀረቡት ክርክር ስለ ርኅራኄ አልነበረም። ተሐድሶ አግኝቶ ወደ ሥራ የተመለሰ ሰው በሚከፍለው ግብር የወጣበትን ገንዘብ አብዝቶ እንደሚመልስ በቁጥር ያስረዱ ነበር። በሕግ መወሰኛው ሴናተር ሊስተር ሂል፣ በተወካዮች ምክር ቤትም በጀት ሲነሣ በተለይ የሮድ አይላንዱ ጆን ፎጋርቲ አጥብቀው ይደግፏቸው ነበር። ዶክተር ረስክ ደግሞ የሐኪሙን ምስክርነት ይዘው በጎናቸው ይቆሙ ነበር።

ሕጉ ሲወጣ በዓመት 60 ሺህ ያህል የነበረው ተቋቁሞ ሥራ የሚይዝ ሰው በ1959 ወደ 200 ሺህ ይደርሳል የሚል ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። በተባለው ዓመት የተገኘው 80 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ገንዘብ በአንድ ፊርማ ይፈቀዳል፤ ሐኪምና ተመራማሪ ግን በአምስትና በስድስት ዓመት እንጂ ከዚያ በፊት አይደርስም። ወይዘሪት ስዊትዘር ከዚህ ጉድለት በኋላ የሥልጠናውን መስመር ከማጥበብ ይልቅ አሰፉት። የ200 ሺህ ግብ የተዘለለው በ1968 ነው።

በ1962 የተቋቋሙት የምርምርና የሥልጠና ማዕከሎች የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በኒው ዮርክና በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ በሽተኛው በሚታከምበት ጣሪያ ሥር ምርምሩ ይካሄዳል፤ ምርምሩ በሚካሄድበትም ተማሪው ይሠለጥናል። ድጋፉ ለአንድ ጥናት ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የታሰበ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ሐኪም በየዓመቱ አዲስ ለማኝ መሆን አላስፈለገውም። አሜሪካ ትርፍ እህሏን ሸጣ በየአገሩ ያከማቸችው የአገሬው ገንዘብም ለምርምር እንዲውል ተደርጎ፣ በዩጎዝላቪያ፣ በፖላንድ፣ በሕንድና በእስራኤል የነበሩ ተመራማሪዎች ድጋፍ አግኝተዋል። በልዩብልያና ሽባ የሆነን እግር በኤሌክትሪክ ቀስቅሶ ለማራመድ የተደረገው ጥናት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ሥራቸው ያለ ነቀፋ አልቀረም። የስኬት መለኪያው ወደ ሥራ መመለስ ብቻ ሲሆን፣ ሥራ ሊይዝ አይችልም ተብሎ የተገመተው ከባድ ጉዳተኛ ከደጅ ይቀር ነበር። በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ በበርክሊ የተነሡት ጉዳተኞች ራሳቸው ይህን ፍርድ ተቃውመው ታግለዋል፤ ትክክልም ነበሩ። ኮንግሬስን ያሸነፈው የግብር ስሌት፣ ማንን እንደሚተው አስቀድሞ አልታየም።

በ1967 የማኅበራዊና የተሐድሶ አገልግሎት የተባለው አዲስ ግዙፍ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም አስተዳዳሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ፎጋርቲ ሞተው ነበር፤ የድህነት እርዳታና የሕክምና ክፍያ ጉዳይም ጊዜያቸውን ወሰደው። በ1970 ጡረታ ወጡ፤ ኦክቶበር 16 ቀን 1971 በዋሽንግተን አረፉ። ትዳር አልያዙም።

በ1978 የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚያጠና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት በሕግ ሲቋቋም፣ የምርምርና የሥልጠና ማዕከሎቹ በእርሱ ሥር ገቡ። ኢንስቲትዩቱ ከጊዜ በኋላ በስማቸው የሰየመው የምርምር ድጋፍ ለተቋም ሳይሆን በቀጥታ ለግለሰብ ተመራማሪ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዱ ደረጃ ልምድ ላካበቱ፣ ሌላው ገና ሙያውን ለጀመሩ ተወስኗል፤ ተቀባዩ ዓመቱን ሙሉ ራሱ በመረጠው ጥናት ላይ እንዲሠራ ታስቦ።